የናሎንጎ ጠረጴዛና የብሬሉ ኪቦርድ

ሥራ ያቆምኩት ተጣልቼ ወይም ተሰላችቼ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ካምፓላ ቡጎሎቢ ሰፈር ባለው ወርክሾፓችን፣ ሬዚስተር የምትባል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በወረንጦ ይዤ ቦታዋ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ማጉያ መስታወቱ ደህና ነው፣ መብራቱም በቂ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው እጄ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ናሎንጎ አየችኝ። ወረንጦውን ከእጄ አልወሰደችም። «ላኬሪ፣ ተነሺ ሻይ እንጠጣ» ብቻ አለችኝ። ሻዩን እየጠጣን በቃኝ አልኳት።

«እጅሽ ይረፍ» አለች። «ስልክሽን ግን እንዳታጠፊ፤ ሲቸግረኝ እደውላለሁ።»

ትደውላለችም። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ዛሬም ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናት።

ስሜ ራሔል ነው። በሉጋንዳ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ራሔል «ላኬሪ» ስለምትባል ናሎንጎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚሁ ጠራችኝ፤ ደንበኛውም ጎረቤቱም ተቀበላት። «ናሎንጎ»ም ቢሆን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የካምፓላ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ባጋንዳዎች መንታ የወለደችን ሴት በክብር የሚጠሩበት ነው። እውነተኛ ስሟን ያወቅኩት አብረን ብዙ ከሠራን በኋላ፣ ባንክ ቤት ስትፈርም አይቼ ነው።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የስልክ ቀፎ ጥገና ክፍል ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የቀፎ ሆድ ከፍቶ መዝጋት ነበር። ሴት ናት ብለው ከባድ ዕቃ እንዳልሸከም ሲጠነቀቁልኝ፣ ከባድ ከባዱን ሥራም ሳያስተምሩኝ ቀሩ። በኋላ ባለቤቴ ካምፓላ ኮሎሎ ባለ ድርጅት በሒሳብ ሥራ ተቀጠረና ልጆቹን ይዤ ተከተልኩት። ሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ ቤት ተከራየን። የአገር ሰው አላጣንም፤ አብዛኛው ግን ነጋዴ ስለሆነ «ሱቅ ክፈቺ» ያላለኝ አልነበረም። እኔን የናፈቀኝ ደግሞ ሲበየድ የሚጨስ ሶልደር ሽታ ነበር።

ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ማሽንና መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ ዩፒኤስ የሚጠግን ቤት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖም ዕቃ በተበላሸ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ነካው?» ነበር፤ ስለዚህ ሁላችንም መንካት ፈራን። አንድ ቀን ማናችንም ልናስነሳው ያልቻልነውን የዩፒኤስ ቦርድ አስይዞ ቡጎሎቢ ወዳለች አንዲት ሴት ላከኝ። ዕድሜዋን የሬዲዮ ማሠራጫ ስትጠግን የኖረች፣ በኋላ የራሷን ወርክሾፕ የከፈተች ናት አለኝ። ገበያው አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት አገኘኋት። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ይመስለኛል።»

«የመሰለሽን አልጠየቅኩሽም። ምን አየሽ?»

አሰብኩ። «ሲሰካ መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።»

«እንደሱ ንገሪኝ» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ብልሽቱን አብረን አገኘነው፤ ትራንስፎርመሩ ምንም አልሆነም ነበር። ብዙም ሳልቆይ የቀድሞ አለቃዬን ተሰናብቼ ወደ እሷ ተዛወርኩ። ደመወዙ አንዳንዴ ይዘገይ ነበር እንጂ አልቀረብኝም።

ከናሎንጎ የተማርኩትን ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። አዲስ ቦርድ ከሳጥኑ ሲወጣ መብራት ከመስጠቷ በፊት በመለኪያ ቴስተር ሾርት፣ ማለትም ያላግባብ የተነካካ መስመር፣ እንደሌለበት ታረጋግጣለች፤ ፋብሪካው ሞክሮ የላከው ቢሆንም ግድ የላትም። አንድ ነገር አልሠራ ሲላት አንድ ነገር ብቻ ትቀይራለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ሌላ ትቀይራለች። እኔ በችኮላ ሁለት ነገር ቀይሬ «ሠራ!» ስላት አትደሰትም ነበር። «የትኛው ነው ያሠራው?» ትለኛለች፤ ከዚያም አንዱን ወደ ነበረበት እንድመልስ ታደርገኛለች። የምታነበው መመሪያ ሲኖር ጮክ ብላ ነው የምታነበው፤ ያልገባት ዓረፍተ ነገር ላይ ትቆማለች እንጂ አትዘለውም። ጥግ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ «ጃጃ» ትለዋለች፣ አያት ማለቷ ነው። ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ደህናዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ከመሰካቱ በፊት ጃጃን ሰላም ማለት አለበት።

የሕይወቴ ትልቁ ሥራ የመጣው በቦዳ ተጭኖ ነው። ሞተር ብስክሌቱ በራችን ላይ ቆመ፤ ነጭ ዘንግ የያዘ ረዘም ያለ ሰው ወረደ፤ ሌላ እጁ ላይ ከባድ ቦርሳ ነበር። ኦኬሎ ይባላል፤ ከሰሜን ኡጋንዳ የመጣ፣ ዓይነ ስውር፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር። ከቦርሳው ያወጣው የብረት የብሬል መጻፊያ ማሽን ነው፤ አንዱ ስፕሪንግ ተበጥሶበታል። ስሙን ሲነግራት ናሎንጎ ሳቀች። በእነሱ አገር ኦኬሎ የሚባለው ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ነው።

«እንግዲያው ልጄ ነሃ» አለችው። ከእሷ ብዙም አያንስም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «እማማ» ይላታል።

ስፕሪንጉን ስንቀይርለት ስለ ፈተናቸው ነገረን። ተማሪዎቹ በብሬል ያነባሉ፣ በብሬል ይጽፋሉ። ፈተና ላይ ግን አብዛኞቹ አራሚዎች ብሬል ስለማያውቁ፣ ዓይናማ መምህር አጠገባቸው ይቀመጥና እነሱ የሚሉትን ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነቡ ጥቂት ኮምፒውተሮች አግኝቷል፤ ተራው ኪቦርድ ግን ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፣ ተማሪ ደግሞ ኮምፒውተር የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ውጭ አገር የሚሠራው የብሬል ኪቦርድ በትምህርት ቤቱ አቅም የሚሞከር አይደለም።

«ስድስት ቁልፍና አንድ የክፍት ቦታ ቁልፍ ነው የምፈልገው» አለ ኦኬሎ። «ጣቶቻቸው የሚያውቁት እሱን ነው። እዚህ ሊሠራ ይችላል?»

ናሎንጎ «አላውቅም» አለችው። ቀጥላም «ነገ ግን ከዛሬ የተሻለ አውቃለሁ» አለች።

መሞከሪያ ቦርድ አዘዘች። እንዲህ ያለ ቦርድ አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ ለሚሠራ ሰው መለማመጃ ማለት ነው። የእጅ መዳፍ ታክላለች፤ መሐሏ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ፣ ዳርና ዳሯ ላይ ሽቦ የሚያያዝባቸው ፒኖች፣ ጥቂት መብራቶችና ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሏት። በአንዱ ቀዳዳ ፕሮግራሙን ትጭናለህ፤ በሌላው ደግሞ የሠራኸውን ዕቃ ሆና ከኮምፒውተር ጋር ትገናኛለች። ኪቦርድ ሁኚ ካልካት ኪቦርድ ትሆናለች። ችግሩ ያለው አባባሉ ላይ ነው።

ናሎንጎ እንደ ልማዷ ሾርት ፈተሸች። ቦርዷ ኃይል ከየት እንደምትወስድ የሚወስነውን ትንሽ ጃምፐር መመሪያውን እያነበበች አስተካከለች። ፕሮግራም መጻፊያውን ጃጃ ላይ ጫነች። ሰካን። መብራቷ በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላለም።

«ሞታ ነው የመጣችው» አልኩ።

«ምን አየሽ?»

«መብራት አላት። ኮምፒውተሩ ግን ዝም ብሏል።»

«የማላውቀው ዕቃ ተሰክቷል እንኳ አላለም?»

«አላለም።»

«እንግዲያው ድምፅዋ አልደረሰውም» አለችና ኬብሉን ነቅላ በቴስተር ለካችው። መሐል ከተማ ከመንገድ ሻጭ የገዛሁት ኬብል ነበር። ውስጡ ኃይል የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ መልእክት የሚያመላልሱት ሁለቱ የሉም። ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ዋጋ የለውም። ናሎንጎ መቀስ አንስታ መሐል ለመሐል ቆረጠችው። «ሌላ ሰው እንዳያታልል» አለች።

ኪቦርድ የሚያደርጋትን ፕሮግራም ጽፈን በደህና ኬብል ከጫንንባት በኋላ ስንሰካት ደግሞ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ማወቅ አልቻልኩም አለ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሷ ተደሰተች። «አሁን እየተነጋገሩ ነው፤ አልተግባቡም እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ዩኤስቢን ያስረዳችኝ በባጋንዳ ሰላምታ ነው። እዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ መንገድ እንዴት ነበር ይባባላል፤ መሐሉን ዘልለህ ወደ ጉዳይህ ከገባህ እንደ ባለጌ ትቆጠራለህ። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ዕቃ ሲሰካበት ማን ነሽ፣ ሥራሽ ምንድን ነው፣ ስንት ኃይል ትፈልጊያለሽ እያለ በተራ ይጠይቃል፤ ቦርዷ ደግሞ ሳትዘገይና ሳታዛባ መመለስ አለባት። መልሷ ምን ያህል እንደሚረዝም እንኳ አስቀድማ መናገር አለባት። የእኛ ቦርድ ርዝመቱን አሳስታ ትናገር ነበር። መልሱ ላይ አንድ መስመር ስንጨምር ርዝመቱን የሚገልጸውን ቁጥር ሳናስተካክለው ቀርተን ኖሯል። አስተካከልነው፤ ጃጃ ያቺን የምወዳትን ትንሽ የመቀበያ ድምፅ አሰማ።

በሽቦ ያያያዝናትን የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ ላይ «a» ወጣች። እልል ልል አፌን ስከፍት ሌላ «a» መጣ፤ ሌላ፤ ሌላ። ጣቴን አንስቻለሁ፤ ፊደሉ ግን መስመሩን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወረደ። መጫኑን ለኮምፒውተሩ ነግረነዋል፣ መልቀቁን ግን አልነገርነውም፤ እሱ እኔ እስካሁን እየተጫንኩ መስሎታል። ናሎንጎ በሳቅ ወንበሯን ይዛ እንባዋን ጠረገች። ያን ቀን ሁለታችንም ልጅ ሆነን ዋልን።

ቁልፎቹን በእንጨት ሳጥን ላይ ገጠምናቸው። የብሬል ፊደል ከስድስት ነጥቦች የተወሰኑት ተመርጠው የሚሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁልፍ አለ፤ «b» ለመጻፍ ሁለት ጣት፣ «p» ለመጻፍ አራት ጣት አንድ ላይ ይወርዳል። ጣቶች ግን ፍጹም እኩል አይወርዱም። ስለዚህ ቦርዷ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ስትነካ ለአፍታ ትጠብቅና በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን አንድ ላይ ትሰበስባለች። የጥበቃዋን ልክ በኦኬሎ ጣቶች እየሞከርን አገኘነው። ኦኬሎ ሲጽፍ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። አንድም ፊደል አልሳተም።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ዕቃው በተማሪዎች ሲሞከር ካየች በሚመጣው የሙከራ ፈተና እንደምትፈቅድ ነገረችን፤ ካልሆነ እንደ ድሮው እየተናገሩ ማስጻፍ ይቀጥላል። የመሞከሪያው ቀን ቦርዷን ጉልበቴ ላይ አቅፌ በታክሲ ሄድን። ኦኬሎ የመረጣት ተማሪ ፕሮሲ ትባላለች። ዓይኗን ያጣችው ካደገች በኋላ በሕመም ነው፤ ብሬልም የተማረችው ዘግይታ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ናት ብሎናል። ለዓመታት ፈተናዋን ሲጽፍላት የኖረው ሽማግሌው መምህር ሴንቶንጎም መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

ፕሮሲ ረጋ ብላ ጻፈች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ስትጨርስ ኮምፒውተሩ የጻፈችውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታዘዘ። የወጣው ቋንቋ አልነበረም። የተበጣጠሱ ፊደላት፣ ኮማ፣ ነጥብ፣ ደግሞ ፊደል። ማሽኑ ያለ ርኅራኄ ያነባል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ተማሪዎቹ ከኋላ መሳቅ ጀመሩ። ፕሮሲ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?» አለች።

ናሎንጎ ተነስታ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች። እዚህ አገር ትልቅ ሴት ለልጅ አትንበረከክም። «አይደለሽም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» አለቻት። ከዚያ ለርዕሰ መምህርቷ ያንኑ ደገመችላት፤ ሰበብ አልጨመረችበትም። ርዕሰ መምህርቷ በትህትና አመስግና ሸኘችን። ፈቃዱን አልሰጠችንም።

በመመለሻው ታክሲ ውስጥ የጥበቃዋን ጊዜ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «ጠረጴዛው አንድ ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ፕሮሲ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልጋ ነው የምታወርደው። ቦርዷ ጠብቃ ስትዘጋ የዘገየው ጣት ለብቻው ሌላ ፊደል ይሆናል። እኔ የጥበቃውን ጊዜ እናርዝመው አልኩ። ናሎንጎ ሞከረችው፤ ያኔ ደግሞ የኦኬሎ ፈጣን ፊደላት እርስ በርስ ተጣበቁ። ለአንዱ የሚሆነው ሌላውን ይበድላል። ቀናት አለፉ። ናሎንጎ ዓይኗን በሻሽ አስራ ብሬል መማር ጀመረች፤ እኔም ከእሷ ጋር ተማርኩ። የራሳችን ጽሑፍ ከፕሮሲው የባሰ ተበጣጥሶ ሲነበብ ሰማን።

አንድ ከሰዓት ኦኬሎ መጣና የብረት ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ፕሮሲ እንዴት አትሳሳትም?» አለ። ናሎንጎ በቀስታ አንድ ጣት ጫነች፤ ቆይታ ሁለተኛውን ጨመረች፤ ቆይታ ሦስተኛውን። ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም። ጣቶቿን ስታነሳ ብቻ ቀጭ ብሎ ወደሚቀጥለው ፊደል ተሻገረ።

እንደገና አደረገችው። እንደገና። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ላኬሪ፣ ምን አየሽ?»

«ሲጫኑት አይደለም የሚሄደው» አልኩ። «ሲለቁት ነው።»

ይኸው ነበር። ጊዜ መቁጠር ፈጽሞ አያስፈልግም ነበር። ቦርዷ የተነካውን ቁልፍ ሁሉ ታስታውስ፤ የመጨረሻዋ ጣት እስክትነሳ ትጠብቅ፤ ያኔ ፊደሉን ትላክ። ፈጣኑም ቀርፋፋውም በራሱ እጅ ልክ ይጽፋል። ፕሮግራሙ አጠረ እንጂ አልረዘመም። ናሎንጎ ያን ቀን አንድ ሕግ አወጣች፤ ከእንግዲህ ማንኛውም ዕቃ መጀመሪያ የሚሞከረው በጣም በሚቸገርበት ሰው እጅ ነው። እስከወጣሁ ድረስ አልጣስነውም።

ርዕሰ መምህርቷን ዳግመኛ ያሳመናት ኦኬሎ ነው። ምን ብሎ እንደለመናት አላውቅም። ፕሮሲን ግን ማንም አላስገደዳትም፤ ናሎንጎ ራሷ ሄዳ «አንዴ አዋርደንሻል፤ እምቢ ብትይ አንቀየምም» አለቻት። ፕሮሲ በባዶ ክፍል፣ ማንም በሌለበት እንድትሞክር ጠየቀች። ገባች፤ በሩን ዘጋን። ስትወጣ «የድንግል ማርያም ጸሎት ጻፍኩ፤ ሙሉውን አነበበልኝ» አለች።

ርዕሰ መምህርቷም ፈቀደች፤ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮችም ኪቦርድ ሠራን። የሙከራው ፈተና ቀን ዕቃ ቢበላሽ ብለን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከክፍሉ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ቆም እያለ ይሄዳል። መምህር ሴንቶንጎ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። በፈተና ሰዓት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ስለሆነ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ማንም አልጠራንም።

በነጋታው እርማቱን የያዘው እሱ ነበር። የታተመውን ወረቀት ይዞ ቡጎሎቢ ድረስ መጣ። የድርሰቱ ርዕስ «የማመሰግነው ሰው» ነው፤ ፕሮሲ የጻፈችው ስለ እሱ ነው። ቆሞ አነበበልን። መምህሬ ደግ ሰው ነው ትላለች፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ ክፍያ ይጽፍልኛል። ግን ሲጽፍልኝ ኦቾሎኒ ይበላል፤ ሲያኝከው ሐሳቤ ይጠፋኛል። እኔ «ደከመኝ» ስል እሱ የሚያምር ቃል ፈልጎ ይጽፋል። አንዴ በመንደሬ ያለው ወንዝ በክረምት ይናገር ነበር ብዬ አስጻፍኩት፤ ወንዝ አይናገርም ብሎ «ይጮህ ነበር» አደረገው። ይህን ልነግረው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም የሚጽፈው እሱ ነው። ዛሬ ውጭ ተቀምጧል። መምህር፣ አመሰግንሃለሁ። ወንዙ ይናገር ነበር።

መምህር ሴንቶንጎ እየሳቀ ጀምሮ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። እኔም ማየት ተቸገርኩ። ናሎንጎ ብቻ ፊቷ አልተለወጠም፤ ወደ ወረቀቱ ዘንበል አለች።

«የፊደል ስሕተት አለበት?»

«ሁለት አለበት» አለ።

ናሎንጎ ገርጥታ ከወንበሯ ተነሳች። «የት ላይ? አሳየኝ።»

መምህሩ በጣቱ አሳያት፤ ሁለት ረጃጅም ቃላት ናቸው። «እነዚህን ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምትጽፋቸው። በብሬሏም እንዲሁ ነው። ፈተና ስጽፍላት ግን እኔ በትክክል እጽፋቸው ነበር» አለ። «የኪቦርዱ ስሕተት አይደሉም፤ የራሷ ናቸው።»

«የራሷ?» አለች ናሎንጎ።

«የራሷ።»

ያቺ ሴት ስንትና ስንት ቦርድ ስታስነሳ፣ የሞተ ዕቃ ነፍስ ስትዘራበት አብሬያት ነበርኩ፤ አንድም ቀን ስታጨበጭብ አላየኋትም። ያን ዕለት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ በሁለት እጇ፣ ጎረቤት እስኪሰማ አጨበጨበች።